የእንግሊዝኛ የጊዜና የዕድሜ ቃላት ከየት ይቆጥራሉ?



የዛሬው ርእሴ እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ሁሉ ቀላል ነው ብሎ ቶሎ የሚያልፈው ነገር ነው፤ የጊዜና የዕድሜ ቃላት። የሰዓት፣ የቀን፣ የወርና የዓመት ስሞች በታችኛው ክፍል መጽሐፍ ላይ ከነሥዕላቸው ይሰጣሉ፤ ልጁ ይሸመድዳቸዋል፤ ፈተናውንም ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ዞሮ የሚያያቸው የለም። እኔ ግን እንግሊዝኛ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት፣ ጎበዝ የሚባለው፣ ረጅም ድርሰት የሚጽፈውና ዜና አዳምጦ የሚረዳው ተማሪ ቀጠሮ፣ የልደት ቀንና የዕድሜ አነጋገር ላይ ሲደርስ ሲደናቀፍ ነው። የቃሉ ፍቺ ጠፍቶበት አይደለም። ቃሉ ከየት ተነሥቶ እንደሚቆጥር የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

ጊዜ የሚቆጠር ነገር ነው፤ የሚቆጠር ነገር ሁሉ ደግሞ መነሻ ይፈልጋል። እኛ ሰዓቱን ከንጋት እንጀምራለን፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። እኛ ዓመቱን ከመስከረም፣ እሱ ከጃንዋሪ። ስለዚህ አንዱን ቃል በሌላው ቃል መተካት ብቻውን ትርጉም አይሆንም። መነሻውም አብሮ መተርጎም አለበት። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው።

በጣም የምወደውን ምሳሌ ላስቀድም። «ኑን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ዛሬ ቀትር ማለት ነው፤ በእኛ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። የቃሉ ሥር ግን «ኖና» የሚለው ላቲን ነው፤ ፍቺውም ዘጠነኛ። ሮማውያን ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያዋ ያለውን ጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት አድርገው ይከፍሉት ነበር፤ ይህ ደግሞ የእኛው አቆጣጠር ነው። ስለዚህ የጥንቱ «ኑን» ፀሐይ ዘንበል ካለች በኋላ የሚመጣው የእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። የቤተ ክርስቲያናችንን ሰባት የጸሎት ጊዜያት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እኛ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት የምንላቸውን የምዕራቡ ገዳማትም በላቲን ሦስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ዘጠነኛ እያሉ ይጠሯቸዋል። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የዘጠነኛው ሰዓት ጸሎት ቀስ በቀስ ወደ እኩለ ቀን እየተሳበ መጣ፤ ስሙም አብሮት ተሳበና «ኑን» ቀትር ላይ ቀረ። ስፔኖች ለምሳ ሰዓት እረፍታቸው «ሲየስታ» የሚሉት ስያሜም ከዚያው አቆጣጠር የመጣ ነው፤ ስድስተኛዋ ሰዓት ማለት ነው። የእኛ ስድስት ሰዓት!

በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብትከፍቱ፣ የስቅለቱ ታሪክ ላይ ጌታ የጮኸበትን ሰዓት እንደ አማርኛው ዘጠነኛው ሰዓት ብሎ ይጽፈዋል። በቅርብ ዘመን የተተረጎሙት ደግሞ ከሰዓት በኋላ በሦስት ይሉታል። ሁለቱም ያው አንድ ሰዓት ነው። ይህን ያነሣሁት ለወግ ያህል አይደለም። «የእኛ ሰዓት የተገለበጠ ነው» እየተባለ ሲነገር የሚያድግ ልጅ አለ፤ ያ ልጅ የእንግሊዝኛውን ሰዓት የሚማረው በኀፍረት ነው። የእኛ ሰዓት አልተገለበጠም፤ እንግሊዝኛም በአንድ ወቅት እንደኛ ይቆጥር ነበር። ልጁ ይህን ካወቀ የሚማረው ስለ ሁለት መነሻዎች እንጂ ስለ ትክክልና ስሕተት አይሆንም።

በሰዓቱ ልዩነት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ስድስት መደመርና መቀነሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ችግሩ ሒሳቡ ሳይሆን የአፍ ልማድ ነው። «ነገ ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ለማለት ያሰበ ሰው ተቻኩሎ በእንግሊዝኛ «ስሪ» ይላል፤ እሱ ጠዋት ተገኝቶ ሲጠብቅ እንግዳው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። መድኃኒቱ ቁጥሩን ብቻውን አለመናገር ነው። አማርኛ ራሱ ይህን ያስተምረናል፤ ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ እያልን ሰዓቱን በአራት ክፍል እናስቀምጣለን። እንግሊዝኛ በጽሑፍ ያለው ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ ከእኩለ ቀን በፊት ያለው «ኤኤም»፣ ከእኩለ ቀን በኋላ ያለው «ፒኤም»። ብዙ ተማሪ «ኤኤም» ማለት ጠዋት፣ «ፒኤም» ማለት ማታ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ጅብ በሚጮህበት ሰዓት፣ «1 ኤኤም» ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪውም ያንን ሰዓት «ሞርኒንግ» ብሎ ይጠራዋል።

ይህ እንዴት ሰው ላይ እንደሚደርስ በአውሮፕላን ቲኬት ላሳያችሁ። ከቦሌ ብዙ በረራ የሚነሣው በሌሊት ነው። ቲኬቱ ላይ «ማክሰኞ 12:30 ኤኤም» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ተጓዡ ማክሰኞ የሚለውን አይቶ ሰኞ ማታ ዘመድ ይሰናበታል፤ ማክሰኞ ቀኑን ሻንጣውን ሲያስተካክል ይውላል፤ ማታ አራት ሰዓት ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል። አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሰዓት ነው የቀረው። በእንግሊዝኛው አቆጣጠር ማክሰኞ የሚገባው እኛ ገና የሰኞ ሌሊት በምንለው ጊዜ ነው። ለዚህ አማርኛ የታወቀ አነጋገር አለው፦ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል። አጥቢያ የሚለው ቃል ሌሊቱን ከሚነጋለት ቀን ጋር ያስረዋል። ለተማሪዎቼ የምመክራቸው ከ12 እስከ 6 «ኤኤም» ያለውን ሰዓት ሁሉ በአጥቢያ እንዲተረጉሙት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው እኩለ ሌሊት የትኛው ቀን ላይ እንደሚወድቅ ይምታታባቸዋል፤ በአሜሪካ ብዙ የኢንሹራንስ ውል ከ12:01 «ኤኤም» ይጀምራል ተብሎ የሚጻፈው ይህን ክርክር ለመዝጋት ነው።

ከሰዓት ወደ ቀን ስንሻገር ነገሩ ይከብዳል፤ ቀን ወረቀት ላይ ይሰፍራልና። በትምህርት ቤት መዝገበ ቃላት ውስጥ መስከረም ማለት ሴፕቴምበር ተብሎ ይገኛል። ይህ አንድ መስመር ስንት ሰው አሳስቷል! መስከረም በአብዛኛው ዓመት ሴፕቴምበር 11 ጀምሮ ኦክቶበር 10 ያልቃል፤ ስለዚህ መስከረም 25 ኦክቶበር 5 ነው። «ሴፕቴምበር 25» ብሎ የተረጎመ ሰው በአሥር ቀን ወደ ኋላ ሄዷል። ጳጉሜንማ በፈረንጁ ቅጽ ላይ ቦታ የላትም። የወር መጻፊያው ከ12 አያልፍም፤ ጳጉሜን 3 የተወለደች ልጅ ሴፕቴምበር 8 ብላ መጻፍ አለባት።

አንድ የልደት ቀን ይዘን እንሂድ። ጥር 3 ቀን 1990 የተወለደ ሰው አለ እንበል። ከጃንዋሪ መግቢያ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ የዓመቱ ልዩነት ስምንት ነው፤ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት። ስለዚህ ይህ ሰው የተወለደው ጃንዋሪ 11፣ 1998 ነው። እስከዚህ ደኅና። አሁን በቁጥር ብቻ ሲጽፈው እንግሊዝ አገር 11/1/1998 ይሆናል፤ ቀን ይቀድማል፣ እንደኛ። አሜሪካ ደግሞ ወር ስለሚቀድም 1/11/1998 ይሆናል። አሜሪካዊው ጸሐፊ የእንግሊዙን ወረቀት ካነበበ ሰውየው ኖቬምበር 1 ተወለደ ማለት ነው። በአንዱ ሰነድ ጃንዋሪ፣ በሌላው ኖቬምበር፣ በሦስተኛው ደግሞ ሳይለወጥ የቀረ 1990። ወደ ውጭ አገር ለሄደ ሰው እንዲህ ያለ መለያየት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሦስት ወረቀት ላይ ሦስት ልደት ያለው ሰው እውነቱን እየተናገረ እንደ ዋሾ ሊታይ ይችላል።

የልደት ቀን መቀየር የእኛ ብቻ ጣጣ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፣ የአሜሪካን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ይመልከት። ጆርጅ ዋሽንግተን ቨርጂኒያ ውስጥ ሲወለድ ቀኑ በጊዜው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 11፣ 1731 ነበር። ያኔ ብሪታንያና ቅኝ ግዛቶቿ ገና አሮጌውን የዩልዮስ አቆጣጠር ይከተሉ ነበር፤ በእንግሊዝ ሕግም አዲሱ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። በ1752 ወደ ጎርጎርዮሱ ተሻገሩ። በዚያ ዓመት የሴፕቴምበር 2 ማግስት ሴፕቴምበር 14 ሆነ፤ ዓመቱም ከጃንዋሪ 1 መቆጠር ጀመረ። ስለዚህ የዋሽንግተን ልደት ዛሬ የሚጻፈው ፌብሩዋሪ 22፣ 1732 ተብሎ ነው፤ ቀኑም ዓመቱም ተለውጧል። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው የመቁጠሪያው መነሻ ነው። ለስደተኛ ልጆች ይህን ታሪክ መንገር እወዳለሁ፤ በወረቀታቸው ላይ ያለው ለውጥ የሚያሸማቅቅ ነገር እንዳልሆነ ይረዱበታል።

የዓመታት ስብስብ የሆነው «ዲኬድ»፣ አሥርት ዓመት የምንለው፣ ከዚህም የረቀቀ ወጥመድ አለበት። እኛ «የስልሳዎቹ ትውልድ» ስንል በ1966ቱ አብዮት ዙሪያ የነበረውን ወጣት ማለታችን ነው። ይህ በቀጥታ «የሲክስቲስ ትውልድ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ አንብቤአለሁ። የውጭ አገር አንባቢ ግን «ሲክስቲስ» ሲባል ከ1960 እስከ 1969 ያለውን የራሱን ዘመን ነው የሚያስበው። የእኛ ስልሳዎቹ በፈረንጅ ከ1967 እስከ 1977 ናቸው፤ አብዮቱም የፈነዳው በ1974 ነው፤ በእነሱ አነጋገር በ«ሰቨንቲስ»። እንዲህ ሲጻፍ አንድ ትውልድ ከነታሪኩ ወደ ሌላ ዘመን ተዛወረ ማለት ነው። ታሪክ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ወገኖቻችን ይህን ቢያስቡበት አጥብቄ እለምናለሁ።

አሁን ደግሞ ጥቃቅን ወደሚመስሉት ቃላት ልምጣ። እነዚህ ስም አይደሉም፤ መስተዋድዶች ናቸው፤ መነሻና መድረሻን የሚያሳዩት ግን እነሱ ናቸው።

አማርኛ «እስከ» የሚል አንድ ቃል አለው። «እስከ ዓርብ ጨርስ» እንላለን፤ «እስከ ዓርብ ሥራ» እንላለን። በመጀመሪያው ዓርብ የመጨረሻዋ ገደብ ናት፤ ረቡዕ ላይም ቢያልቅ ደስ ይለናል። በሁለተኛው ግን ሥራው ሳይቋረጥ ዓርብ ድረስ መቀጠል አለበት። አማርኛ ልዩነቱን ለግሡ ትቶታል። እንግሊዝኛ ግን ለየብቻ ቃል ሰጥቷቸዋል፤ ለገደቡ «ባይ»፣ ለሚቀጥለው «አንቲል»። ተማሪዎቻችን ሁሉንም «አንቲል» ያደርጉታል። አለቃቸው «ባይ ፍራይደይ» ብሎ ሲጽፍላቸውም «በዓርብ ቀን» ብለው ይረዱታል፤ ሐሙስ መስጠት የማይቻል ይመስል ዓርብን ይጠብቃሉ።

«ኢን» ደግሞ አለ። ሐኪም «ኢን ስሪ ደይስ» ተመለስ ቢል ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ቀን ቆጥረህ ተመለስ ማለቱ ነው። የእኛ ሰው «በሦስት ቀን ውስጥ» ብሎ ይሰማዋል፤ በማግስቱ ይሄዳል፤ የምርመራው ውጤት አልደረሰም። በሦስት ቀን ውስጥ ለማለት እንግሊዝኛው «ዊዚን» ይላል። ይህቺ ቃል በሕግ ወረቀት ላይ ስትመጣ ትልቅ ጉዳይ ትሸከማለች፤ በአሜሪካ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ማመልከቻውን ማስገባት ያለበት፣ በሕጉ ከታወቁት ጥቂት ምክንያቶች በስተቀር፣ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ዓመቱ ሲሞላ ሳይሆን ሳይሞላ!

«አጎ» እና «ቢፎር» ሁለቱም በአማርኛ «በፊት» ናቸው፤ «አጎ» ግን የሚቆጥረው ከአሁኗ ደቂቃ ወደ ኋላ ነው፣ «ቢፎር» ደግሞ ከሌላ ከተጠቀሰ ነገር። «ሲንስ» የመነሻውን ነጥብ ይፈልጋል፤ «ፎር» ርዝመቱን። «ከሦስት ዓመት ጀምሮ እዚህ ነኝ» የሚለውን የአማርኛ ልማድ ይዘን «ሲንስ ስሪ ይርስ» የምንለው ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሦስት ዓመት ርዝመት እንጂ መነሻ አይደለም፤ መነሻው የመጣንበት ዓመት ነው።

አንድ የደመወዝ ቃልም ልጨምር፣ ውጭ ላሉት ይጠቅማልና። «ቢዊክሊ» ሲባል በአሜሪካ የደመወዝ ወረቀት ላይ በየሁለት ሳምንቱ ማለት ነው፤ በዓመት 26 ክፍያ። «ሰሚመንዝሊ» በወር ሁለት ጊዜ ነው፤ በዓመት 24። ዓመታዊ ደመወዙ እኩል ቢሆንም የእያንዳንዱ ክፍያ መጠን ይለያያል፤ የቤት ኪራይ የሚያሰላ ሰው ማወቅ አለበት። በእንግሊዝ አገር ሁለት ሳምንት «ፎርትናይት» ይባላል፤ አሥራ አራት ሌሊት ማለት ነው።

ወደ ዕድሜ ልግባ። በአማርኛ «ሠላሳ ዓመት ሞላኝ» እና «ሠላሳ ዓመት ያዝኩ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የያዘው ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ነው፤ ሠላሳኛውን ጀምሯል። እንግሊዝኛ ዕድሜ ሲጠይቅ የሚፈልገው የሞላውን ብቻ ነው። «ኢን ሂዝ ሰርቲየዝ ይር» የሚል ብታነቡ ግን የያዘው ነው፤ ሰውየው 29 ነው። «ኢን ሂዝ ሰርቲስ» ካለ ደግሞ ከ30 እስከ 39 ያለ ሁሉ ነው። የክፍለ ዘመኑም ምስጢር ይኸው ነው። ዐድዋ በፈረንጅ 1896 ሆኖ ሳለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የሚባለው፣ አሥራ ስምንቱ መቶዎች ሞልተው አሥራ ዘጠነኛው ስለተያዘ ነው። ይህን በ«ሞላ» እና በ«ያዘ» ያስረዳሁት ተማሪ ዳግመኛ ሲሳሳት አላየሁም። ቋንቋችን የተዘጋጀ መሣሪያ አለው፤ መምህራን ግን አንጠቀምበትም።

ሌላም የአማርኛ ውለታ አለ። «የአምስት ዓመት ልጅ» እንላለን እንጂ «የአምስት ዓመታት ልጅ» አንልም። እንግሊዝኛም ዕድሜው ከስሙ በፊት ሲመጣ የብዙ ቁጥር ምልክቱን ይጥላል፤ «ፋይቭ ይር ኦልድ ቦይ» ነው የሚባለው። ብቻውን ሲቆም ግን «ሂ ኢዝ ፋይቭ ይርስ ኦልድ»፤ እዚያ ላይ ምልክቱ ይመለሳል።

የዕድሜ ክልል ስሞች አንድ ለአንድ አይገጥሙም፤ ማንም መዝገበ ቃላት ይህን አያድንም። በጤና ሥራ ጨቅላ የሚባለው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ ያለ ነው። «ኢንፋንት» አንድ ዓመት እስኪሞላው ነው። «ቶድለር» ድክ ድክ የሚለው ነው፤ ቃሉ ራሱ ከአካሄዱ የወጣ ነው። «ቲንኤጀር» ደግሞ ከ13 እስከ 19 ነው፤ የእንግሊዝኛው ቁጥር መጨረሻው «ቲን» የሚለው በእነዚህ ላይ ብቻ ስለሆነ። ጎረምሳና ኮረዳ ስንል ግን ዓመት አንቆጥርም፤ ሰውነቱንና ጠባዩን እናያለን። ወጣት የሚለውም በየሰነዱ ይለያያል፤ የተባበሩት መንግሥታት ለስታቲስቲክስ ከ15 እስከ 24 ይለዋል፤ የእኛ አገር የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29። ጎልማሳ «ሚድል ኤጅድ» አይደለም፤ የጎልማሶች ትምህርት ስንል ሃያ ዓመት የሞላውም ይገባበታል፣ «ሚድል ኤጅድ» ግን አርባን ተሻግሮ ወደ ስልሳ የሚጓዝ ሰው ነው።

ከሁሉ ይልቅ እንድትጠነቀቁ የምመክረው አረጋውያን ስለሚጠሩባቸው ቃላት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ ወገኖች አሉን፤ ቃሉ ለእነሱ የዕለት እንጀራ ነው። ሽማግሌ በእኛ ዘንድ ክብር አለው፤ አስታራቂ፣ መካሪ ነው። «ኦልድ ማን» ያ ክብር የለውም፤ በሰው ፊት ከተባለ ያስቀይማል። «ኤልደር» የሽማግሌነቱን ክብር ይይዛል፤ «ኤልደርሊ» ግን ድካሙን ነው የሚያጎላው፤ አሁን በሆስፒታልና በመንከባከቢያ ቤት የሚመረጠው «ኦልደር አደልት» ነው። አንቱታ በእንግሊዝኛ ስለሌለ አክብሮታችን የሚታየው በምንመርጠው ቃል ነው። አባባ፣ እማማ እያልን ያደግን ሰዎች የምናስበውን ያህል አክብሮት በእንግሊዝኛውም ልናሰማ ይገባናል። ዕድሜ መጠየቅም እንደ እኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በ1967 የወጣው የአሜሪካ ሕግ 40 ዓመት የሞላውንና ከዚያ በላይ የሆነውን ሠራተኛ በዕድሜው ምክንያት ከሚደርስበት አድልዎ ይጠብቃል፤ ስለዚህ በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ጥንቁቅ ቀጣሪ ዕድሜን አያነሣም።

እንዴት ይጠና ለምትሉኝ፣ ቃላቱን በረድፍ ጽፎ መሸምደድን ተዉት እላለሁ። ቃሉን ከእውነተኛ ወረቀት ጋር አጥኑት፤ ከቲኬት፣ ከመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከደመወዝ ወረቀት፣ ከክትባት ካርድ። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከየት ይጀምራል? የሞላውን ነው ወይስ የተያዘውን የሚቆጥረው? እኛ መምህራን ደግሞ መስከረምን ሴፕቴምበር ማለቱን ዛሬውኑ እናቁም።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤት ስትደርሱ የልጆቻችሁን የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጽፋችሁ ከልደት ሰርተፊኬታቸው ጋር አስቀምጡት፤ ከዚያ በኋላ በሚሞላው ቅጽ ሁሉ ላይ ያንኑ አንዱን ቀን ብቻ ይጻፉ።